ሞልቶ የቆመ ፕላኔት፣ ሁለት ላይ የቀረ ኮሎኒ

የጌም ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚያወሩት ስለ ሕዝብ ብዛት ነው። ጌሞቹ ይለያያሉ፤ ራስ ምታቱ ግን ያው ነው። የመጀመሪያውን በሰፊው መልሻለሁ፤ ምክንያቱም እሱ ከገባን የሌሎቹ ግማሽ መንገድ አለቀ። ቁጥር ይበዛበታል፤ ካልኩሌተር ያዙ።

«ኮሎኒዎቼ አላድግ አሉ»

«ሰላም ላንቺ አዘጋጃችን። የመጀመሪያውን፣ የድሮውን ማስተር ኦፍ ኦራዮን፣ ያንን ፕላኔት የሚያዝበትን የጠፈር ጌም፣ እየተጫወትኩ ነው። የመረጥኩት የሰው ልጆችን ነው። ዋናው ፕላኔቴ 90 ደርሷል፤ ጣሪያው 100 ነው። ሌሎች ሦስት ኮሎኒዎች አሉኝ፤ ሁሉም 2 እና 3 ላይ ተገትረዋል። በሦስቱም የኢኮሎጂ ማንሸራተቻውን (ከምርቱ ለቆሻሻ ጽዳትና ለሕዝብ እድገት የሚሄደውን ድርሻ የሚወስነውን) እስከ ጫፍ ገፋሁት። ምንም ለውጥ የለም። ጎረቤቴ ሳክራ የተባለው ዘር ደግሞ እንደ ጉድ እየተስፋፋ ነው። ጌሙ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ?» — እንቅልፍ ያጣው

ጌሙም ጤነኛ ነው፣ አንተም ጤነኛ ነህ። ገንዘቡ ግን ያለ ቦታው እየፈሰሰ ነው።

ከኮሎኒው ኪስ እንነሳ። በጅማሬው ቴክኖሎጂ አንድ ሰው በአንድ ተራ የሚያመርተው ግማሽ ክሬዲት ነው። (ጌሙ አንዱን ቁጥር አንድ ሚሊዮን ይለዋል፤ እኔ ለአጭሩ «ሰው» እላለሁ።) ሁለት ሰው ያለበት፣ ፋብሪካ ያልቆመበት ኮሎኒ በአንድ ተራ አንድ ክሬዲት ያገኛል ማለት ነው። በኢኮሎጂ በኩል አንድ ሰው ለመጨመር ደግሞ 20 ክሬዲት ያስፈልጋል። ማንሸራተቻውን እስከ ጫፍ ገፍተህ የገዛኸው በ20 ተራ አንድ ሰው ነው። ለውጥ ባታይ አይገርምም።

በነፃ የሚወለደው ከዚህ ይሻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ያለውን ሕዝብ 10 ከመቶ ትወስድና በቀረው ባዶ ቦታ ድርሻ ታባዛዋለህ። ጣሪያው 40 የሆነ ኮሎኒ ላይ 2 ሰው ካለ፣ 0.2 ሲባዛ በ0.95፣ 0.19 ይመጣል። አምስት ተራ ጠብቀህ አንድ ሰው ታገኛለህ። እሱም ቀርፋፋ ነው፤ ግን ሳንቲም አላወጣህበትም።

አሁን ያንኑ ስሌት ወደ ዋናው ፕላኔትህ ውሰደው። 90 ሰው አለህ፤ 10 ከመቶው 9 ነው። ባዶው ቦታ ከመቶ 10 ብቻ ስለሆነ እድገትህ በተራ 0.9 ነው። 75 ሰው ቢኖርህ ኖሮ 7.5 ሲባዛ በ0.25፣ ወደ 1.9 ይጠጋ ነበር። 50 ላይ 2.5 ነው፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። 95 ላይ ደግሞ ግማሽ ሰው እንኳ አይሞላም። ይህን ቀመር የጌም ሰሪዎቹ አልፈጠሩትም። ቤልጂየማዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ፍራንስዋ ቨርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 ስለ ሕዝብ ብዛት ሲጽፍ ያወጣው ነው። ጌሙን የሠራው ሲምቴክስ እ.ኤ.አ. በ1993 ያደረገው ነገር ቢኖር ቀመሩን ማስተር ኦፍ ኦራዮን ውስጥ መክተት ነው።

እንግዲህ ያለህበትን ሁኔታ ተመልከት። አንድ ፕላኔት በጣም ሞልቶ አያድግም፤ ሦስት ኮሎኒዎች በጣም ባዶ ሆነው አያድጉም። እድገት ያለው መሀል ላይ ነው፤ አንተ ደግሞ መሀል ላይ ማንም የለህም።

መፍትሔው ሰው ማጓጓዝ ነው። ፕላኔቱን ስትከፍት የማጓጓዣውን ቁልፍ ታገኛለህ። በአንድ ጊዜ እስከ ሕዝቡ ግማሽ መላክ ትችላለህ፤ ለጉዞውም የምትከፍለው ነገር የለም። ከ90 ሰው ላይ 15ቱን ጣሪያው 40 ወደሆነው ኮሎኒ ላክ እንበል። ኮሎኒው ከ2 ወደ 17 ይዘላል። በራሱ ጊዜ 17 እስኪደርስ ብትጠብቀው ከ25 ተራ በላይ ይፈጅብህ ነበር። ዋናው ፕላኔትህስ? ከ75 ተመልሶ 90 ለመድረስ የሚበቃው 11 ወይም 12 ተራ ነው። ኮሎኒው ደግሞ 17 ላይ ሆኖ በየተራው አንድ ሰው ያህል ይጨምራል፤ ቅድም አምስት ተራ የፈጀበትን አሁን በአንድ ተራ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል። «ምርቴ ይወርድብኛል» ይላል። ይወርዳል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ ግን የሚወስነው የፋብሪካህ ብዛት ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ሁለት ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል፤ አንድ ፋብሪካ በተራ አንድ ክሬዲት ይሰጣል። 90 ሰውና 90 ፋብሪካ ካለህ፣ ፋብሪካዎቹን ለማንቀሳቀስ 45 ሰው ይበቃል። 15 ሰው ብትልክ አንድም ፋብሪካ አይቆምም። የምታጣው የተጓዦቹን የራስ ጉልበት፣ 7.5 ክሬዲት ብቻ ነው። ከ135 ላይ 7.5 መቀነስ ምንም አይደል።

180 ፋብሪካ ካቆምክ በኋላ ግን ሌላ ወሬ ነው። የቀሩት 75 ሰዎች ማንቀሳቀስ የሚችሉት 150 ፋብሪካ ነው፤ 30ው ሥራ ፈትቶ ይቆማል። በአንድ ጊዜ 37.5 ክሬዲት አጣህ፤ ከጠቅላላ ምርትህ አንድ ስድስተኛው። ስለዚህ ሰው የሚላከው ፋብሪካው ሰውን ሳይደርስበት ነው። የማንሸራተቻው ነገር አሳስቦህ ጻፍክልኝ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት የማየው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው፦ ስንት ሰው፣ ስንት ፋብሪካ። ፋብሪካው ከሰው እጥፍ በታች እስከሆነ ድረስ ላክ።

እኔ ዋናውን ፕላኔት 75 እና 80 መካከል ይዤ መቆየት እወዳለሁ። 50 ላይ ማቆየት እድገትን ያፋጥናል፤ ግን ምርቱ ሲያንስ መርከብም ምርምርም አብሮ ይሞታል። 75 ላይ በየአራት ተራው ሰባት ሰው ታጭዳለህ። ሰባቱን ትልካለህ፣ አራት ተራ ትጠብቃለህ፣ ደግሞ ትልካለህ። አሰልቺ ነው፤ አልዋሽህም። ግን በጨዋታው የመጀመሪያ ምዕራፍ አሸናፊውም ተሸናፊውም የሚለየው እዚህ አሰልቺ ሥራ ላይ ነው።

ስትልክ ሁለት ሦስት ነገር ልብ በል። መንገድ ላይ ያለ ሰው አይሠራም፣ አይዋለድም። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ደግሞ ኤሊ ናቸው። ቅርቡን ኮሎኒ መጀመሪያ ሙላ፤ ሩቁን ከዚያ ከቅርቡ ሙላው። መድረሻው ላይ የጠላት መርከብ ካለ መጓጓዣዎቹ መሣሪያ የላቸውም፤ ሰውህን ለእርድ አትላክ። ከጣሪያው በላይ የላክኸው ደግሞ ዝም ብሎ ይጠፋል። ጣሪያው 15 የሆነች ሚጢጢ ፕላኔት ላይ 20 ሰው መላክ አምስቱን መግደል ነው። በአጠቃላይ የተቀባዩ ግማሽ ሲሞላ አቁም፤ ከዚያ ራሱን ይችላል።

ምድሩ አስቸጋሪ የሆነ ፕላኔት፣ ማለትም ጠፍ የሆነው፣ መርዛማው፣ ጨረር ያለበትና የመሳሰሉት፣ ተፈጥሯዊ እድገቱ በግማሽ የተቀነሰ ነው። ጣሪያው 20 ሆኖ 2 ሰው ያለበት እንዲህ ያለ ኮሎኒ በተራ 0.09 ብቻ ያድጋል። 11 ተራ ለአንድ ሰው! እዚያ መጠበቅ ጊዜ ማቃጠል ነው፤ ከሌሎቹ ቀድመህ ላክለት። ለም የሆነው ፕላኔት በተቃራኒው አንድ ተኩል እጥፍ ያድጋል፤ እሱን ትንሽ ዘር ሰጥተህ ብትተወው ቅር አይለውም።

የኮሎኒዎቹን ኢኮሎጂ አሁኑኑ መልሰው። ቆሻሻው መጠረጉን እስኪያሳይህ ድረስ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በታች እንዳታወርደው፣ ያልተጠረገ ቆሻሻ የፕላኔቱን አቅም ይበላል። የተረፈውን ኢንዱስትሪ ላይ አድርገው። አንድ ፋብሪካ 10 ክሬዲት ነው፤ ያው ገንዘብ ግማሽ ሰው ብቻ ነበር የሚገዛልህ። ከካዝና ገንዘብ መላክም አስበህ ይሆናል። ኮሎኒ ከካዝና ወስዶ በአንድ ተራ ማውጣት የሚችለው ከራሱ ምርት ጋር እኩል የሆነውን ብቻ ነው። አንድ ክሬዲት የሚያመርት ኮሎኒ በካዝና እርዳታ ሁለት ያወጣል፤ ይኸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ገንዘብ።

ሰው በኢኮሎጂ መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። የክሎኒንግ ምርምር ሲገኝ የአንድ ሰው ዋጋ ከ20 ወደ 10፣ በኋላም ወደ 5 ይወርዳል። ያኔ ትልልቆቹ ፕላኔቶች የመጨረሻዋን ቦታቸውን በገንዘብ ቢሞሉ አልቃወምም፤ ጫፍ ላይ ተፈጥሮ ስለምትለግም። ጣሪያ የሚጨምር ምርምር ሲመጣም እንዲሁ ንቃ። 100 ሞልቶ የቆመ ፕላኔት ጣሪያው 110 ሲሆን እንደገና በተራ 0.9 ማደግ ይጀምራል።

ስለ ጎረቤትህ ላጽናናህ። ሳክራዎች የሚዋለዱት በእጥፍ ፍጥነት ነው፤ ተፈጥሯቸው ነው። ታናሽ ወንድሜ ሳክራ ካልሆነ አይጫወትም፤ አጠገቤ ተቀምጦ ስሌቴን እያየ ይስቃል። ግን እነሱም ከቀመሩ አያመልጡም። የሳክራ ፕላኔት 95 ላይ ሲደርስ በተራ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ኮምፒውተሩ የሚመራው ሳክራ ሲሞላ የሚያፈስበት ቦታ ይፈልጋል፤ ያ ቦታ ያንተ ባለ ሁለት ሰው ኮሎኒ እንዳይሆን። መጓጓዣ ጠላት ፕላኔት ላይ ሲያርፍ ወረራ ነውና 2 ሰው ካለበት 17 ሰው ያለበት ይሻላል።

«ኢምፓየሩ በተለቀ ቁጥር ልጅ መወለድ ቀረ»

«እንደምን ሰንብተሻል። ስቴላሪስን፣ ያንን የጠፈር ኢምፓየር ጌም፣ የምጫወተው ከ4.0 በፊት ባለው ስሪት ነው፤ ኮምፒውተሬ እሱን ለምዷል። መጀመሪያ ላይ ሕዝቤ ደህና ይጨምር ነበር። አሁን 200 አልፌያለሁ፤ አንድ ሰው ለመወለድ ዓመታት ይፈጃል። በየፕላኔቱ የሕክምና ማዕከል ገንብቻለሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ምን ላድርግ?» — የከዋክብት እመቤት

እመቤት፣ ያየሽው እውነት ነው፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 የወጣው ስሪት 3.0 ሁለት ነገር ለወጠ። አንደኛው ከላይ ያለውን ቀመር የሚመስል ነው፤ ፕላኔቱ ከአቅሙ መሀል አካባቢ ሲሆን እድገቱ ይፈጥናል፣ አቅሙ ሲሞላ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛው አንቺን ያስለቀሰሽ ነው። በኢምፓየሩ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው፣ የትም ይኑር፣ ለቀጣዩ ሰው የሚያስፈልገውን ነጥብ ያስወድዳል።

መነሻው 100 ነጥብ ነው፤ አንድ ፕላኔት በወር 3 ይሰበስባል። 33 ወር ገደማ። ጨዋታውን ስትጀምሪ የማስወደጃው መጠን 0.25 ሆኖ ከነበረ፣ 200 ሰው 50 ነጥብ ይጨምራል። 150 ሲካፈል ለ3፣ 50 ወር። አራት ዓመት ከሁለት ወር ለአንድ ሰው! የሕክምና ማዕከሉ እድገትን 10 ከመቶ አሳደገልሽ ብንል እንኳ 3 የነበረው 3.3 ይሆናል፤ 50 ወሩ ወደ 45 ተኩል ይወርዳል። ለዚያ ሕንፃ፣ ጥገናና ሠራተኛ ከፍለሻል። ሌላ ጥቅሙን ፈልገሽው ካልሆነ በየፕላኔቱ አታባዢው።

ነጥቡ ይኼ ነው። በወር 3 የምትሰበስበው እያንዳንዷ ፕላኔት ለብቻዋ ናት። አንድ ግዙፍ ዓለም 3 ትሰበስባለች፤ አራት ትንንሽ ኮሎኒዎች 12። ስለዚህ እዚህ ጌም ላይ ሕዝብ የሚጨምረው የኮሎኒ ብዛት ነው፤ መኖሪያው ደስ የማይል ፕላኔት እንኳ ልጅ አሳዳጊ ሆኖ ያገለግላል። የሚወለዱት ሥራ ሲያጡ ሥራ ወዳለበት ፕላኔት በራሳቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ ትንሹ ኮሎኒ ላይ ሥራ አታብዢ፤ መኖሪያ ብቻ ይኑረው። ሥራውን ዋና ዋናዎቹ ላይ ክፈቺ፤ ሰው ወደዚያ ይጎርፋል። ይህን ሳይ ትንሽ ይከፋኛል፣ ልጅ ማፍሪያ ብቻ የሆነ ፕላኔት፤ ግን ይሠራል።

የሮቦት መገጣጠሚያውንም ሥሪ፤ ርዕዮትሽ ሮቦት የሚጠላ ካልሆነ። ከተፈጥሯዊው እድገት ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ መስመር ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሻማም። ለሚቀጥለው ጨዋታሽ ደግሞ ጋላክሲውን ስታዘጋጂ የማስወደጃውን መጠን ዝቅ አድርገሽ መጀመር ትችያለሽ። ማጭበርበር አይደለም፤ ለዚህ ብለው ነው ያስቀመጡት። ሕዝብ በበዛ ቁጥር ኮምፒውተርሽ እንደሚንፏቀቅ ግን አስቀድመሽ እወቂ። የጌሙ ሠሪዎች ቁጥሩን ያፈኑበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው።

«ሰባት ላይ ለምን ይቆማል?»

«ለአዘጋጇ። ዕድሜዬ ገፋ ያለ ሰው ነኝ፤ ከአልፋ ሴንታውሪ ሌላ ጌም አልጫወትም። ከጌሙ ወገኖች ጋያውያንን ይዤ ነው የምጫወተው። ከተሞቼ በየተራው አንድ አንድ ሰው ይጨምራሉ የሚባለውን ነገር ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አንዴም አላየሁትም። ሰባት ላይ ሲደርሱም ይቆማሉ።» — አሮጌው አዛዥ

ጋሼ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዚህ ጌም የመኖሪያ ሕንፃ፣ ማለትም የሃቢቴሽን ኮምፕሌክስ፣ የሌለው ከተማ ከ7 አያልፍም። እሱን ሲገነቡ ጣሪያው 14 ይሆናል፤ ከ14 በላይ ደግሞ ዶም የተባለው ሕንፃ ያስፈልጋል። ከሌሎቹ ወገኖች ሰላም አስከባሪዎቹ በሁለት ይበልጣሉ፤ ሞርጋኖች ደግሞ ገና 4 ላይ ይያዛሉ። እርስዎ በመደበኛው ላይ ነዎት።

በየተራው አንድ ሰው የሚጨምረው የእድገት ደረጃው +6 ሲደርስ ነው። ከማኅበራዊ ምርጫው (የአስተዳደርና የኢኮኖሚ ሥርዓት ከሚመረጥበት) ዴሞክራሲ +2 ይሰጣል፤ የታቀደ ኢኮኖሚ +2 ይሰጣል። ቀሪውን +2 የሚሰጠው በከተማው ውስጥ የሚሠራው የሕፃናት ማቆያ ነው። ጋያውያን የሚከለከሉት ነፃ ገበያን ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ምርጫዎች ለእርስዎ ክፍት ናቸው። ደግሞ ይገጣጠማሉ፤ የታቀደው ኢኮኖሚ ቅልጥፍናን በ2 ይቀንሳል፣ ዴሞክራሲ በ2 ይመልሳል። የሚከብድዎት ዴሞክራሲ በሠራዊት ድጋፍ ላይ የሚያመጣው −2 ነው። ጊዜ ያለፈባቸውን ወታደሮች ቀድመው ይበትኑ።

አንድ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ብዙውን ሰው የሚጥለውም እሱ ነው። ከተማው በየተራው ቢያንስ 2 ትርፍ ምግብ ሊኖረው ይገባል። አንድ ሰው 2 ይበላል። አዲስ የተወለደው ሰው ጫካ ላይ ከተሰማራ የሚያመጣው 1 ምግብ ነው፤ እንግዲህ በእያንዳንዱ ልደት ትርፉ በ1 ይወርዳል፣ ከዚያ እድገቱ በድንገት ይቆማል። ርጥበት ባለው መሬት ላይ እርሻ ካለ 2 ያመጣል፤ ራሱን ቻለ ማለት ነው። ዝናባማ መሬት ላይ ያለ እርሻ 3 ይደርሳል፤ ግን የጂን ስፕላይሲንግ ምርምር ካልተገኘ ከ2 በላይ አይሰጥም። ጫካ የሚወዱ ከሆነ፣ ጋያውያን ደግሞ ይወዳሉ፣ ትሪ ፋርም ገንብተው የጫካውን ምግብ ወደ 2 ያሳድጉ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ማቆያው፣ የመኖሪያ ሕንፃው፣ የመዝናኛ ማዕከሉ በየከተማው ተሠርተው ይጠናቀቁ። የመዝናኛውን አይዝለሉት፤ ሕዝቡ ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ አዲስ የሚመጡት ሰዎች አማፂ ሆነው ነው የሚመጡት፣ የከተማው ሥራም ይቆማል። ከዚያ ሁሉም ከተማ ሲዘጋጅ ሁለቱን ምርጫዎች በአንድ ተራ ይቀይሩ። 3 የነበረው ከተማ በአራት ተራ 7 ይሆናል። ከተሞቹ ሞልተው ሲያበቁ ወደሚመርጡት አስተዳደር ይመለሱ፤ ግን እያንዳንዱ ለውጥ ኃይል (የጌሙን ገንዘብ) ያስከፍላልና ካዝናዎ ውስጥ ለመመለሻውም የሚበቃ ይተዉ።